መርማሪው ተለወጠ ብዬ ከፍቅረኛዬ ተጣላሁ!

እናንተዬ፣ ፍቅረኞች በገንዘብ፣ በቅናት፣ በቤተሰብ ይጣላሉ ሲባል ሰምታችኋል። እኔና ፍቅረኛዬ የተኳረፍነው ግን በሼርሎክ ሆልምስ ነው። አትሳቁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተደዋወልንም።

ነገሩ የሚጀምረው ዳንግላ ነው። ተማሪዎች ሳለን ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራዩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ማስያዣ እናስይዝና የአንድ ቀን ኪራይ ለሁለት ተካፍለን እንወስዳለን፤ እስከ ማታ እሷ፣ ሌሊቱን እኔ። መብራት ከጠፋም ኩራዝ አለ። የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልቦለዶች ያነበብነው እንዲያ ነው። ሆልምስን በአማርኛ ተተርጉሞ ስናገኘውማ አበድንለት! ሰውየው የእንግዳውን ጫማ አይቶ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ይደነቃል፣ ታሪኩንም ይጽፋል። እኛም አንድ ሕግ ነበረን፤ ገዳዩን ገምቶ የተሳሳተ ሻይ ይጋብዛል። አብዛኛውን ጊዜ ገማቹ እኔ፣ አዳማጯ እሷ ነበረች።

ከዚያ እሷ ሥራ አግኝታ ኢንጅባራ ገባች። በሚኒባስ ቅርብ ነው፣ ምንም አይደል ብዬ ነበር። አንድ ቀን የእንግሊዝኛውን ሙሉ ጥራዝ ከአዲስ አበባ አስመጣችና ላከችልኝ፤ አራቱን ረጃጅም ልቦለዶች፣ 56ቱን አጫጭር ታሪኮች። «የመጨረሻዎቹን አንብብና ንገረኝ» አለች። መዝገበ ቃላት ይዤ ገባሁበት። ምን ዋጋ አለው፣ ተናደድኩ!

ደራሲው ኮናን ዶይል እንደ ፈረንጆቹ በ1926 ባወጣቸው ሁለት ታሪኮች ዋትሰን የለም። ብዕሩን የያዘው ራሱ ሆልምስ ነው። «የአንበሳው ጋማ» በሚለው ጭራሽ ጡረታ ወጥቶ፣ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ፣ እንደኛ አገር ገበሬ ንብ ያነባል። ገዳዩ ደግሞ... ተዉት፣ ላላነበበ አላበላሽም። ብቻ እኔ ሻይ የምጋበዝበት ዓይነት ገዳይ አይደለም።

ደወልኩላት። «ይሄ የኛ ሆልምስ አይደለም፣ አርጅቷል፣ ተበላሽቷል» አልኳት። እሷ ደግሞ ከሁሉም የወደደችው እነዚያን ሁለቱን! «ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆኖ አየሁት» አትለኝም?

መጣላት ላይ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ዶይል በ1893 ሆልምስን ስዊዘርላንድ ውስጥ ፏፏቴ ጨምሮ ሲገድለው፣ ታሪኩን ታትሞ ያወጣውን ስትራንድ መጽሔት ከ20 ሺህ በላይ ደንበኞች ትተውት ሄዱ ይባላል። በ1903 ከሞት መለሰው። ታዲያ ሁሉም ደስ አለው? የለም። አንድ ጀልባ ቀዛፊ፣ ሆልምስ ገደሉ ባይገድለውም ከዚያ ወዲህ የድሮው ሰው አልሆነም ብሎ ደራሲውን ፊት ለፊት እንደነገረው ዶይል ራሱ ጽፏል። ሌሎቹ ግን እስከ መጨረሻው ታሪክ፣ እስከ 1927 ድረስ፣ መጽሔቱን እየገዙ አነበቡ። እኔ የቀዛፊው ወገን ነኝ።

ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያ አፌ አላርፍ አለና «አንቺም ኢንጅባራ ከገባሽ ወዲህ ተለውጠሻል» አልኩ። ዝም አለች። ቆይታ፣ «ድሮ አንተ ታወራለህ፣ እኔ እደነቃለሁ። የናፈቀህ እሱ ነው። ዋትሰን አልሆንልህም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት ኩርፊያ። ጓደኞቼም ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው «ከተማ ቀየራት» አለኝ፤ ሌላኛው «አንተ ስትለወጥ ማን ከለከለህ?» አለኝ። ሁለተኛውን ጠላሁት።

አንድ እሑድ ሚኒባስ ውስጥ ጥራዙን ገለጥኩ። ፊቱ ስለነጣው ወታደር በሚተርከው ታሪክ መጀመሪያ ላይ ሆልምስ የዋትሰንን አጻጻፍ ሁልጊዜ ይነቅፍ እንደነበር፣ ብዕሩን ራሱ ሲይዝ ግን ታሪክ አንባቢን መሳብ እንዳለበት እንደገባው ይናዘዛል። ዝቅ ብሎም ዋትሰን አግብቶ ትቶት ስለሄደ ብቻውን እንደቀረ ይናገራል። በፊት ይህንን ዘልዬው ነበር፤ ገዳዩን እያሳደድኩ!

ኢንጅባራ እንደ ልማዷ ትዘንባለች። ሻይ ቤት ገብተን ስለ ሥራዋ፣ ስለ አለቃዋ፣ ብቻዋን ስለተከራየችው ክፍል አወራች፤ አንድ ሰዓት ግድም ይሆናል። አላቋረጥኳትም፣ አንዴ ብቻ ልገምት አልኩና ምላሴን ነከስኩ። የባሕር ዳርቻው ታሪክ ግን ዛሬም አልተዋጠልኝም፤ ነገርኳት፣ ሳቀች።

ሻዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ።