መንታ ሕፃናትና የቤት አያያዝ

በትግርኛ ማናቱ የምንለውን አማርኛ መንታ ይለዋል። ቃሉ ከሕፃናት አልፎ ለሌላም ነገር ያገለግላል፤ ለሁለት የሚከፈል መንገድ መንታ መንገድ ይባላል፤ ለመወሰን የተቸገረ ሰውም «ልቤ መንታ ሆነ» ይላል። መንታ የወለደች እናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በመንታ መንገድ ላይ እንደ ቆመች ትውላለች። አንዱን ልጅ ታንሣ ወይስ ሌላውን? ልጆቹን ትያዝ ወይስ ቤቱን?

መንታ በተወለደ ጊዜ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ፣ «እግዚአብሔር በረከቱን እጥፍ አድርጎ ሰጣችሁ» እያለ ደስታውን ይገልጻል። ደስታውም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ በረከቱ እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ እንደሚሆን፣ የእናቲቱ እጅና የቀኑ ሰዓት ግን እንደ ቀድሞው እንደሚቀሩ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ርብቃ መንታ ልጆች፣ ስለ ዔሳውና ስለ ያዕቆብ፣ ብዙ ይነግረናል። በማሕፀን ሳሉ እንደ ተጋፉ፣ ያዕቆብም የወንድሙን ተረከዝ ይዞ እንደ ተወለደ ተጽፏል። ጨርቃቸውን ማን እንዳጠበ ግን አልተጻፈም። ሆኖም በምዕራፍ 24 ርብቃ ለጋብቻ ከአገርዋ ስትወጣ ሞግዚትዋ አብራት እንደ ሄደች፣ በምዕራፍ 35 ደግሞ ይህች ሞግዚት፣ ስምዋ ዲቦራ የተባለው፣ በሞተች ጊዜ ከትልቅ ዛፍ ሥር እንደ ተቀበረችና ዛፉም በልቅሶዋ እንደ ተሰየመ እናነባለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ስንማር ልባችን በወንድማማቾቹ ጠብ ላይ ነበረ። መንታ ማሳደግ ከጀመርን ወዲህ ግን ከሁሉ ይልቅ የምናስበው ዲቦራን ነው።

እኛ ዲቦራ አልነበረችንም። ልጆቻችን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የተወለዱት በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ስንኖር ነው። ሃይ በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ማላካል ደግሞ ከጁባ በስተሰሜን በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ለሥራ ከአገር የወጣን ስለ ሆንን አያትም አክስትም በአጠገባችን አልነበሩም። ለቤታችን ውሃ የሚመጣልን በቦቴ መኪና ተጭኖ ሲሆን፣ በግቢው በርሜሎች ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ በጀሪካን እየተቀዳ ይገባል። ምግብ የምናበስለው በከሰል ነበረ። ዝናቡም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስለሚመላለስ፣ የታጠበ ጨርቅ እንደ ልብ አይደርቅም።

እስቲ ሥራውን እንቁጠረው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት እንደሚገባው ሐኪሞች ይናገራሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ 6 ወሩ ድረስ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በእናቱ ጡት ብቻ እንዲያድግ ይመክራል። ይህ ለአንድ ልጅ ነው፤ ለሁለት ሲሆን ከ16 እስከ 24 ጊዜ ይደርሳል። መካከለኛውን፣ ማለትም 20ን፣ ብንወስድና አንዱ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ማጥባት ብቻውን 10 ሰዓት ይወስዳል። ይህም አንድ ጸሐፊ በቢሮ ከሚቀመጥበት ሰዓት ይበልጣል። በቤታችን በቀን 16 ያህል የሕፃን ጨርቅ ይታጠብ ነበረ፤ በሳምንት 112 ማለት ነው። በዚህ ላይ እንጀራው፣ ወጡ፣ ውሃ ማፍላቱ፣ ወለሉና እንግዳው አለ። ይህን ሒሳብ ያየ ሰው፣ «እናቲቱ ትበርታ» ማለት ምክር እንዳልሆነ ይረዳል። ከ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሰዓት የሚያወጣ ብርታት የለም።

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲበዛ አስቸኳይ የሆነውን፣ ተራ የሚጠብቀውንና ወደ መዝገብ ቤት የሚመለሰውን እንለያለን። የቤታችንንም ሥራ እንደዚሁ በሦስት ከፈልነው።

በመጀመሪያው መደብ ልጆቹን ማጥባት፣ የእናቲቱ ምግብና ዕንቅልፍ፣ የሕፃናቱን ጨርቅ ማጠብ፣ የሚጠጣውን ውሃ ማፍላትና አጎበሩን መጠበቅ ገቡ። የቤታችን እመቤት ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ብብትዋ ሥር በትራስ ደግፋ ባንድ ጊዜ ማጥባትን ስለ ተማረች፣ ከ10 ሰዓቱ ብዙው ተረፈላት። የተረፈውም ጊዜ ለዕንቅልፍዋ እንጂ ለሌላ ሥራ እንዳይሰጥ ተስማማን።

በሁለተኛው መደብ ያደረግነው ቢዘገይ የማይጎዳውን ነው። እንጀራ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይጋገር ጀመር፤ ሲያልቅም ከገበያ የማሽላ ኪስራ እንገዛለን። የሕፃናቱም ገላ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢታጠብ ይበቃል፤ በቀረው ቀን ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና መቀመጫቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። ውሃ በገንዘብ በሚገዛበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መደብ ፈጽሞ የሚቀረው ነው። መጋረጃ ማጠብ፣ ስኒ ደርድሮ ከአቦል እስከ በረካ ቡና ማፍላት፣ ለእንግዳ ሁለት ዐይነት ወጥ መሥራት ልጆቹ እስኪጠኑ ድረስ ቀሩ።

ስለ ልብስ መተኰስ ግን አንድ ነገር ልንናገር እንወዳለን። ሥራ ለበዛባት እናት፣ «ካውያውን ተዪው» ብሎ መምከር የተለመደ ነው። ይህ ምክር ለሐሩር አፍሪካ አይስማማም። እርጥብ ሆኖ በውጭ በተሰጣ ጨርቅ ላይ ዕንቁላልዋን የምትጥል፣ የማንጎ ዝንብ የምትባል ዝንብ አለች። ከዕንቁላሉ የሚወጣው ትል በሕፃኑ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ እባጭ ያብጣል። መከላከያው ጨርቁን በሚገባ አድርቆ በጋለ ካውያ መተኰስ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት መጋረጃው ሲቀር የሕፃናቱ ጨርቅ ግን በየማታው በከሰል ካውያ ይተኰስ ነበረ። ሥራ የሚለየው በቦታው ሁኔታ እንጂ በሰው አገር ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ከአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር አኑረን ነበር። የትኛው ልጅ በስንት ሰዓት እንደ ጠባና የማን ጨርቅ እንደ ራሰ ይጻፍበታል። ወዳጆቻችን ይህን አይተው፣ «የቢሮ ሰው ቤቱንም ቢሮ አደረገው» እያሉ ይስቁ ነበር። ወንዱ 2 ኪሎ ከ600 ግራም፣ ሴቲቱ 2 ኪሎ ብቻ ሆነው ነበር የተወለዱት። ወንዱ ሲርበው ግቢውን በጩኸት ይሞላዋል፤ ሴቲቱ ግን ሲርባት ትተኛለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ የቀኑን ጽሑፍ ስንደምር፣ ወንዱ 11 ጊዜ፣ ሴቲቱ ግን 6 ጊዜ ብቻ ጠብተው ተገኙ። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሐኪም ወሰድናት። ስትመዘንም ካለፈው ሳምንት አንድ ግራም አልጨመረችም። ሐኪሟም፣ «ደካማ ሕፃን ለማልቀስ ጉልበት ያጥረዋል። ዝም አለች ብላችሁ አትተዉአት፤ እየቀሰቀሳችሁ አጥቡአት» አሉን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊትም ሆነ ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንድትተኛ አልተዋትም። በመካከሉም በየተራ ሴቲቱን በራቁት ደረታችን ላይ ገላ ለገላ አስተኝተን በነጠላ እናስራት ነበር። ይህ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ በተባሉ ሐኪም የተጀመረ ሲሆን፣ ማሞቂያ መሣሪያ ላነሰው ሆስፒታል ታስቦ የተገኘው ዘዴ ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት ዘንድ ለትናንሽ ሕፃናት ሁሉ የሚመከር ሆኗል። መንታ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይሞላ ስለሚወለዱ፣ ለመንታ ወላጆች የተለየ ጥቅም አለው። እናቲቱ አንዱን ስታጠባ አባት ሌላውን በደረቱ ይዞ ሊያሞቅ ይችላልና።

በነዚያ ቀናት ወለሉ አልተወለወለም፤ የጁባ ቀይ አቧራ ጠረጴዛውን ሸፍኖት ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን ሕፃኒቱ ስትመዘን 250 ግራም ጨምራ ተገኘች። የዚያን ሰሞን አቧራ የምናስታውሰው ያለ ሐፍረት ነው። መንታ ያለበት ቤት አያያዝ የሚለካው በወለሉ ንጣት ሳይሆን በሕፃናቱ ክብደትና በእናቲቱ ዕንቅልፍ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ጎረቤት ጉዳይ እንለፍ። በአገራችን አራስን መጠየቅ የቆየ ወግ ነው። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ በትግርኛ ገዓት የምንለውን ገንፎ፣ አጥሚትም ይዞ ይመጣል። የዚህ ወግ ፍሬ ነገሩ አራሷ ከሥራ እንድታርፍ ነው። በስደትም ሆነ በሥራ ከአገር ስንወጣ ግን ጥየቃው ይቀራል፤ ወይም መልኩ ብቻ ይቀርና ፍሬው ይጠፋል። ጠያቂው ይመጣና ይቀመጣል፤ አራሷም ተነሥታ ታስተናግዳለች።

በሃይ ማላካል የምናውቃቸው አንዲት የወልድያ ባልቴት ይህን ወግ ወደ ሥፍራው መለሱልን። በገቡ ጊዜ የቤታችን እመቤት፣ «እማማ፣ ቡና ላፍላልዎ?» ብላ ልትነሣ ስትል፣ «ልጄ፣ አርፈሽ ተኚ! እኔ የመጣሁት ቡና ልጠጣ አይደለም፤ ጨርቁ የት ነው?» አሏት። ከዚያም ነጠላቸውን አደግድገው፣ በገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። በማግሥቱ ሌላዋን ጎረቤት አስከትለው መጡ። በሳምንቱ ደግሞ የአቾሊ ተወላጅ የሆኑት ያጥር ጎረቤታችን ልጆቹን በየተራ ለማዘል ይመጡ ጀመር። በአቾሊ ዘንድ ከመንታ ወንዶች ቀድሞ የተወለደው ኦፒዮ፣ ተከትሎ የተወለደው ኦቼን ይባላል፤ ሴቶች ሲሆኑ አፒዮና አቼን ናቸው። ከመንታዎቹ ቀጥሎ የሚወለደው ልጅ እንኳ ኦኬሎ፣ ሴት ስትሆን አኬሎ ተብሎ የነሱ ተከታይ መሆኑ በስሙ ይታወቃል። እኒህ ሴትዮም ልጆቻችንን በዚሁ ስም እየጠሩ ያዝሉአቸው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ትርጓሜውን ያየነው በዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

ነገር ግን የጎረቤት ደግነት ለአባት ማምለጫ ሊሆን አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ፈቅዷል። ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ስለ ሆነ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን 112 ጨርቅ በ3 ቀን አያልቅም። እንግዲህ የቀረው በማታና በሌሊት የሚሠራ ነው። ከቢሮ የተመለሰ አባት ውሃ መቅዳት፣ ጨርቅ መተኰስ፣ ደብተሩን መደመር ይችላል። ከማጥባት በቀር አባት ሊሠራው የማይችል ሥራ በዚያ ቤት አላገኘንም።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ መንታዎች ይወለዳሉ፤ ይህም ከ42 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንባብያን ብዙዎቹ መንታ ባይወልዱም መንታ የወለደ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይኖራቸዋል። እንዲህ ያለውን ቤት ለመጠየቅ ሲሄዱ፣ ከተቻለ የበሰለ ምግብ ይዘው ይግቡ፤ ቡና አይጠብቁ፤ ጨርቁ የት እንዳለ ይጠይቁ። ከሁለቱም ልጆች ዝም ያለውን አስቀድመው ይዩት።