አንቺሆዬ በሃያ ሁለት ቁጥሮች

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ዳገቱን ከመያዙ በፊት፣ ከሸማ ሻጮች ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ጠዋት ሙሉ በሁለት ድምፆች ላይ ተከራከሩ። አንደኛው ስልሳውን ያለፉ ክራር ተጫዋች ናቸው፤ ሌላው በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወተ ኑሮውን የሚገፋ ወጣት ነው። የተገናኙት አንድ የአንቺሆዬ ዜማ አብረው ለመቅዳት ነበር። አዛውንቱ ክራራቸውን ቃኝተው መቱ፤ ወጣቱም በኪቦርዱ ተከተለ። ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱ ተስማሙ፤ ሁለቱ ግን ተጋጩ።

«ጋሼ፣ ይህችን ክር ትንሽ ያክርሩልኝ» አለ ወጣቱ።

«ሁልጊዜ የማከርረው እኔ ነኝ?» አሉ አዛውንቱ። «ያንተስ አይላላም?»

ወጣቱ ወዲያው አልመለሰም። የሥራው ልማድ ለዚህ ጥያቄ ቦታ የለውምና። በስቱዲዮም ሆነ በመድረክ፣ መቃኛ ያለው መሣሪያ መቃኛ ለሌለው ይገዛል። ኪቦርዱ ባለበት ይቆያል፤ ክራሩ፣ መሲንቆው፣ አልፎ ተርፎም የዘፋኙ ጉሮሮ ወደ እርሱ ይጠጋል። ይህ ሲደጋገም ጆሮም ይለምደዋል፤ ከኪቦርድ ጋር ያደገ ሰው የአዛውንቱን ክራር ቢሰማ «አልተቃኘም» ሊል ይችላል።

ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል እርምጃዎች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 100 ሴንት፣ ድምሩም 1200 ነው። በዚህ ሚዛን አንቺሆዬ ከመነሻው ድምፅ ተቆጥሮ 0፣ 100፣ 500፣ 600 እና 900 ላይ ይቀመጣል። ለማስተማሪያ ይህ አጻጻፍ ይበቃል። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን የስልክ መቃኛ ከክራሩ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ሁለተኛው ድምፅ 82፣ አራተኛው ደግሞ 612 ላይ ተገኘ። አንደኛው ከኪቦርዱ 18 ሴንት ዝቅ፣ ሌላው 12 ሴንት ከፍ ማለቱ ነው። የሰዎቹ ጠብ ያረፈው በእነዚህ ጥቃቅን ክፍተቶች ላይ ነበር።

የአዛውንቱ ጥያቄ ቴክኒካዊ መልስ አለው፤ የኪቦርዱም ድምፅ ይላላል። መንገዱ ግን በመሣሪያው ፊት ላይ ካሉት ቁልፎች ጀርባ የተሸሸገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የተባለው ስምምነት፣ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች የተሠሩ መሣሪያዎች በአንድ ገመድ እንዲግባቡ አድርጓል። ተራ መልእክቶቹ ስለ ጨዋታው ይናገራሉ፤ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተለቀቀ። ለመሣሪያው ውስጣዊ ቅንብር ደግሞ ሲስተም ኤክስክሉሲቭ የሚባል ሌላ በር ተትቷል። መልእክቱ በ240 ይከፈታል፣ በ247 ይዘጋል፤ በመካከል የሚገቡት ቁጥሮች ከ127 አይበልጡም። ከመክፈቻው ቀጥሎ የሚመጣው የአምራቹ መለያ ነው፤ ሮላንድ 65፣ ኮርግ 66፣ ያማሃ 67፣ ካሲዮ 68። መለያው የእርሱ ያልሆነ መሣሪያ መልእክቱን ሳይነካው ያሳልፈዋል።

የወጣቱ ኪቦርድ ያገለገለ ሮላንድ ነው። ስለዚህ የተጻፈው መልእክት እንዲህ ይጀምራል፦ 240፣ 65፣ 16፣ 66፣ 18። እነዚህ የአምራቹን፣ የመሣሪያውንና የትእዛዙን ማንነት ይናገራሉ። ቀጥሎ 64፣ 17፣ 64 ይመጣሉ፤ ቅንብሩ በማስታወሻው ውስጥ የሚቀመጥበት አድራሻ ናቸው። ከዚያ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ይሰለፋሉ፤ ከዶ እስከ ሲ ላሉት ድምፆች አንድ አንድ። 64 ማለት «ባለህበት ቆይ» ነው፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ወይም ቅናሽ አንድ ሴንት ነው። መነሻው ዶ ስለነበር ሁለተኛው ቁጥር ወደ 46 ወረደ፣ ሰባተኛው ወደ 76 ወጣ፤ የቀሩት አሥሩ በ64 ጸኑ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ወጣቱ ሁለቱን ቁጥሮች ለውጦ ከመዝጊያው በፊት ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር ረስቶት ነበር። ይህ ቁጥር የአድራሻውና የአሥራ ሁለቱ እሴቶች ድምር ለ128 ሲካፈል የሚተርፈውን ከ128 በመቀነስ ይገኛል። ሁሉም 64 በነበሩበት ጊዜ ድምሩ 913፣ ቀሪው 17፣ ማረጋገጫው 111 ነው። ከለውጡ በኋላ ግን ድምሩ 907፣ ቀሪው 11፣ ማረጋገጫው 117 መሆን ነበረበት። 111 ይዞ የሄደውን መልእክት ኪቦርዱ ጣለው። በእርሳስ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ 117 ተጽፎ ሲላክ፣ ሃያ ሁለቱ ቁጥሮች በሰባት ሺኛ ሰከንድ ገደማ በገመዱ አለፉ። አዛውንቱ መቱ፤ ወጣቱ ነካ፤ ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ።

ባሱ ግን አልገጠመም። አድራሻው ውስጥ ያለው 17 የኪቦርዱን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ የሚጠቁም በመሆኑ፣ በሁለተኛው ክፍል የተቀመጠው ባስ በቀድሞው ሚዛን ቀርቶ ነበር። ለእርሱ በ18፣ ማረጋገጫውንም 116 አድርጎ ሌላ መልእክት መላክ አስፈለገ። (ለሁሉም አምራቾች የሚሆን፣ ማረጋገጫ የማይጠይቅ የ21 ቁጥሮች የመቃኛ መልእክትም አለ፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው በሚቀበሉት መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው።)

ይህ በር በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደቆመ ማሰብ ተገቢ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ባሳተመው ካሴት ላይ አኮርዲዮኑን ከያማሃ ዲኤክስ7 ጋር አጣምሯል። የዲኤክስ7 ሠላሳ ሁለት የድምፅ ቅንብሮች በ4,104 ቁጥሮች አንድ መልእክት፣ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ወጥተው ሊቀመጡ ይችላሉ። የድምፁ ቀለም፣ አነሳሱና አወዳደቁ ሁሉ በቁጥር ይነገራል። ያ የመጀመሪያው ሞዴል ግን አሥራ ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ የሚቃኝበት ቦታ አልነበረውም፤ በሩ ቢኖርም ለቅኝት የሚሆን ክፍል ከኋላው አልተሠራም። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበራቸው ቆይታ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያዎች በማዘመን ላይ ሠርተዋል፤ በኤምአይቲም ዘመናዊ ክራር እንዲሠራ አማክረዋል። ክራሩን ብዙ ሚዛን እንዲችል ማድረግ ክቡር ሥራ ነው። የሽሮ ሜዳው ሙከራ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ክራሩ እንዳለ ይቆይና ኪቦርዱ ይምጣ ይላል። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ሆኖ ሳለ እምብዛም አለመሞከሩ ያስገርማል።

ሆኖም አዲስ ችግር አብሮ ይመጣል። ቁጥሮቹ የሚቆጠሩት ከዶ እንጂ ከቅኝቱ መነሻ አይደለም፤ ዘፋኟ «ከሬ እንጀምር» ካለች 46ቱም 76ቱም ሁለት ሁለት ቦታ መሸሽ አለባቸው። አንድ ቁጥር በሁሉም ኦክታቭ ላይ እኩል ይሠራል፤ የክራር ተጫዋች ጆሮ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ 82 የማን ነው የሚለው ነው። ጠዋት በእንጦጦ ብርድ የተለካው ክራር፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ካሞቀች በኋላ ቆዳው ተለውጦ እንደገና ተቃኘ፤ ያን ጊዜ ድምፁ 79 ላይ አረፈ። አዛውንቱ ልዩነቱን ሲሰሙ አልተደነቁም። «ጠዋት ሐዘኑ ቀሎኝ ነበር» አሉ። ይህ ቀልድ ይሁን ማብራሪያ መለየት ያስቸግራል፤ ምናልባት ሁለቱንም ነው። «የአንቺሆዬ ቅኝት» ተብሎ በፋይል የሚቀመጥና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መልእክት፣ የአንድ ሰው የአንድ ጠዋት ጆሮ ሆኖ ሳለ የሁሉ ሕግ ሊመስል ይችላል። እኩል ሚዛን ያደረገውን ያኛውን በደል፣ ይህኛው በትንሹ እንዳይደግመው ፋይሉ ቢያንስ ተጫዋቹን፣ ቀኑንና መነሻ ድምፁን ይዞ መቀመጥ ይገባዋል። ወጣቱ ይህን አደረገ፤ ሁለት ፋይሎች፣ አንዱ የጠዋት፣ ሌላው የቀትር።

ቀረጻው ሊጀመር ሲል መብራት ሄደ። ሲመለስ ኪቦርዱ የተላከለትን ሁሉ ረስቶ በእኩል ሚዛኑ ነቃ፤ እንዲህ ያለው ቅንብር ኃይል ሲቋረጥ አይቆይም። ወጣቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ወደ አዛውንቱ ዞረ።

«ጋሼ፣ የጠዋቱን ልላክ ወይስ የቀትሩን?»

አዛውንቱ ክራሩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አንዷን ክር ነካ አደረጉ፤ መቃኛዋን በጥቂቱ መለስ አደረጉ።

«ቆይ እስቲ፤ መጀመሪያ ለካ» አሉ።