ትንፋሼና ኔትወርኩ

በዚህ ገጽ እስከ ዛሬ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፌዴራሊዝም እንጂ ስለ ራሴ ገላ ጽፌ አላውቅም። የሰው ሕመም የግሉ ነው በሚል አስተዳደግ ያደግሁ ነኝ። ዛሬ ይህን ልማድ እንዳፈርስ ያስገደደኝ የአንድ ባልደረባዬ ንግግር ነው። ስለ ኢንተርኔት መዘጋት እየተከራከርን ሳለ «የሚጎዳው እኮ ፖለቲከኛውና ፌስቡከኛው ነው፤ ገበሬውና በሽተኛው ምን ቀረበት?» አለኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። መልሱ ከአልጋዬ ራስጌ ተቀምጦ ነበርና።

የተወለድሁት ከሚሴ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጨፋ ሜዳና በቦርከና ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በእኛ ቤት ማንኮራፋት የደህንነት ምልክት ነበር። አባቴ ሲያንኮራፋ «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል። ታፍኖ ሲባንን ግን «ዱካክ ያዘው» ይባል ነበር። ዱካክ በተኛ ሰው ደረት ላይ ተጭኖ ድምፁን የሚነሳ ጭራቅ ነው፤ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ መቃሙን ባቋረጠ ዕለት ይመጣበታል ይባላል። እኔም አርባን ልደፍን ስል ሌሊት እየታፈንሁ መባነን ብጀምር እናቴ «ምነው ልጄ፣ ጫት ተውህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጫት ቅሜ አላውቅም ነበር።

ቀን ቀን የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያነበብሁ አንገቴ ይወድቃል። ፈተና ላይ ቆሜ ዓይኔ ይከደናል። የደም ግፊቴ በአንድ መድኃኒት አልወርድ ቢል ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ተጨመረልኝ። ያዩኝ ሐኪሞች ስለ ጨው፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ቤተሰቤ ታሪክ ጠየቁኝ። «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ያለኝ ግን አልነበረም።

ያን ጥያቄ ያገኘሁት በኢንተርኔት ነው። በቶሮንቶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሟቸው ስምንት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ተኝተህ ሳለ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? የቀሩት አራቱ ስለ ክብደት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ አንገት ውፍረትና ስለ ፆታ ይጠይቃሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ስንት ሌሊት ትንፋሽህን እየቆጠርሁ አድሬአለሁ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልነገርሁህ» አለችኝ። በዚያው ዕለት ደብተር አውጥቼ ስምንቱን ጥያቄዎች በአማርኛ ገለበጥሁ። ይህን ደብተር ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ ደረቴና ጣቴ ላይ ገመድ ታስሮ አንድ ሌሊት ተመረመርሁ። ትንፋሼ በሰዓት 41 ጊዜ ይቋረጥ ወይም ይዳከም ነበር። ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ «ስሊፕ አፕኒያ» ይባላል። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። አንድ መቋረጥ የሚቆጠረው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሲሆን፣ በሰዓት ከ30 ካለፈ ሕመሙ ከባድ ይባላል። የደም ግፊት በመድኃኒት አልወርድ ከሚልባቸው ምክንያቶችም አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ቀላልም ሆነ ከባድ የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ናቸው። እንግዲህ የእናቴ ዱካክ ብዙ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ዋነኛው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን መሣሪያ ነው፤ «ሲፓፕ» ይባላል። ኮሊን ሰሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያውን ሲሠሩ የአቧራ መጥረጊያ ሞተር ተጠቅመው አየሩን ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ውጭ እንዲነፋ አደረጉት። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። መሣሪያው በጭምብል በኩል አየር በግፊት ወደ አፍንጫ ይልካል፤ አየሩም ጉሮሮን እንደ ምሰሶ ደግፎ ያሳድረዋል። በሽታውን ግን አይፈውስም። የሚሠራው በተተከለበት ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ታካሚው ሁለት መስመር ያስፈልጉታል፤ አንዱ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ መብራት፣ ሌላው አጠቃቀሙን የሚያስተምር መረጃ። የእኔ ታሪክ የእነዚህ የሁለት መስመሮች መቋረጥ ታሪክ ነው።

መሣሪያዬን የአጎቴ ልጅ ከውጭ ላከልኝ። የካቲት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ፣ በኮሮናው ምክንያት እስከ ሰኔ ዘመድ ቤት ተቀመጠ። እጄ በገባ በሳምንቱ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱም በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለሦስት ሳምንታት ያህል ዘለቀ። የሲፓፕ ታካሚ መሣሪያውን መልመዱ ወይም መተዉ በአብዛኛው የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጭምብሉ አየር እያስወጣ ዓይኔን አደረቀው፤ አፌ እንደ ኩበት ደርቆ ያድራል፤ የግፊቱ ኃይል አፈነኝ። በሌላ አገር ቢሆን ባለሙያ ይከታተለኛል። እኔ ግን ሐኪሜ 325 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ስልካቸውም አልነሳ ብሎ፣ በአሥረኛው ቀን መሣሪያውን ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ኢንተርኔት ሲመለስ ችግሮቼ ሁሉ በሌሎች ሰዎች ላይ ደርሰው፣ ተፈትተው፣ ተጽፈው አገኘኋቸው። ጭምብሉ የሚጠበቀው ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ፣ መሣሪያው እየነፋ ነው። ግፊቱ ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። የአፍ መድረቅ ብዙ ጊዜ አፍ ተከፍቶ የማደር ምልክት ነው። መሣሪያው የየሌሊቱን ትንፋሽ የሚመዘግብበት ሚሞሪ ካርድ እንዳለው፣ «ኦስካር» የተባለ ነፃ ፕሮግራምም ያን መዝገብ በሥዕል እንደሚያሳይ ተማርሁ። ሥዕሉን ለሐኪሜ ስልክላቸው አዲስ አበባ ሆነው ግፊቱን ስንት እንዳደርገው ይነግሩኝ ጀመር። የማይረባ ምክርም ነበረ፤ ያለ ሐኪም ግፊት ጨምር የሚል፣ በዘይት ቅባት እፈውሳለሁ የሚል። ይሁን እንጂ እህሉን ከእንክርዳዱ ለመለየት መጀመሪያ አውድማው መኖር አለበት። ደብተሬ ገጽ በገጽ ሞላ። ቁጥሬም ከ41 ወደ 3 ወረደ።

መረጃ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደ ሆነ ደግሞ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ አየው። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ለጥሪ አቀረበ፤ ድምፅ ለመቀነስ የተገጠመላቸው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊሳብ ይችላል ተብሎ ነበርና። ባለቤቶቹ የመሣሪያቸውን ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ እንዲያመሳክሩ ተነገራቸው። የእኔ መሣሪያ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ ስለ ነበር አልነካኝም። ነገር ግን አሰብሁት፤ በዘመድ ሻንጣ ለመጣ መሣሪያ ባለቤት ደብዳቤ የሚጽፍለት ማን አለ? ያለ ኢንተርኔት ያ ሰው በምን ይሰማል?

በዚያው ዓመት መለወጫ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሲያልቅ ደሴን ለቅቄ ከሚሴ እናቴ ቤት ደረስሁ፤ ጦርነቱም ተከትሎኝ ገባ። የፌዴራሉ መንግሥት ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋን መልሼ ይዣለሁ እስኪል ድረስ መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም አልነበረንም። ሰው በጥይት በሚሞትበት ሰሞን ስለ እንቅልፌ ማውራት ያሳፍረኛል። ሆኖም ሌሊቱ አልቀረልኝም። ደብተሬን ገለጥሁ። መብራት በነበረበት ዘመን የገለበጥሁት አንድ ገጽ ነበር፤ መሣሪያው በመኪና ባትሪ በኢንቨርተር ሊሠራ እንደሚችል፣ አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው ክፍል ከጠፋ ኃይል እጅግ እንደሚቆጥብ፣ መሣሪያ በሌለበት ሌሊት ደግሞ በጀርባ ሳይሆን በጎን፣ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት እንደሚሻል ይናገራል። ጎረቤታችን ቆሞ ከቀረ ሚኒባሱ ባትሪውን ፈትቶ ሰጠኝ፤ በጣሪያው ላይ ባለች ትንሽ ሶላርም ቀን ቀን ይሞላልኝ ነበር። አንድ ሌሊት በባትሪ፣ አንድ ሌሊት በጎኔ ተኝቼ ያን ወር ዘለቅሁት። እናቴ ራስጌዬ ተቀምጣ በኦሮምኛ «አፉራ፣ አፉራ» እያለች ትንፋሼን ትጠብቅ ነበር።

ሦስተኛው መቋረጥ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት የተዘጋበት ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ሳምንት ከሚሴ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ በባቲ በኩል ከጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ብርጭቆ በእጃቸው እንደ ያዙ አንቀላፉ። ሲነቁ አፈሩ፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዱካክ ሌሊት አያስተኛኝም» አሉኝ። በስልኬ ላሳያቸው የምችለው ነገር አልነበረም። ደብተሬን አውጥቼ ስምንቱን ጥያቄዎች አነበብሁላቸው። ሦስተኛውን የመለሰው ጋቢና ውስጥ አብሯቸው የሚያድረው ረዳታቸው ነው፤ «ጋሼ ሌሊት ይሞታሉ፤ ደግሞ ይነሳሉ» አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ይህ ሕመም ከባድ የሆነበት ሾፌር ሳይታከም እንዳይነዳ አዟል። እኛ ዘንድ ያን ዕለት ጥያቄው የነበረው በአንድ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ሾፌሩ አዲስ አበባ ተመርምረው ሕመሙ ተገኘባቸው። መሣሪያውን እስኪገዙ ሌሊት መንዳት ትተዋል፤ ገቢያቸውም በዚያው ልክ ቀንሷል።

ለመዝጊያው ምክንያት የሚሰጡት ሰዎች ሁሉ ክፉ ናቸው አልልም። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በከሚሴ፣ በአጣዬና በአካባቢው ደም ሲፈስ በስልክ የሚዛመት የጥላቻ ወሬ ከጥይቱ ቀድሞ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ኔትወርክ በተዘጋ ጊዜ ወሬው አልቆመም፤ በእግሩ ሄደ። የቆመው ወሬውን የምናጣራበት መንገድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ሲደነግግ ብዙዎቻችን የምናስበው ጋዜጠኛውን ነው። እኔ ግን አሁን አንቀጹን ሳነብ ረዳቱን፣ ባለቤቴን፣ ጨለማ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆጥሩትን ሰዎች አስባለሁ። የሚዘጋ ባለሥልጣን ቢያንስ የሚዘጋውን ለይቶ፣ ምክንያቱንና ማብቂያውን ተናግሮ፣ የጤና መስመሩን አትርፎ ይዝጋ። ሐኪሞቻችንም የደም ግፊት በለኩ ቁጥር ስለ እንቅልፍ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ይህ መብራትም ኔትወርክም አይጠይቅም።

እኅቴ ደብተሬን ወደ ኦሮምኛ መልሳዋለች። አንዱ ቅጂ እናቴ ቤት አለ፤ አንዱ በሾፌሩ ጋቢና ተሰቅሏል። ሦስተኛውን ለዚያ ባልደረባዬ ልሰጠው ነው። እሱም ሲያንኮራፋ ግድግዳ አልፎ ይሰማል።

ቸር ያሳድረን።