«እኔም ፈርቻለሁ»

የዕለቱ ንባብ፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1–18



የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። አንድ ምሽት፣ በአንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ የሆነች የጉባኤያችን እኅት ደወለችልኝ።

«ፓስተር፣ ዛሬ አንዲት ልጅ አስለቀስኩ» አለችኝ።

ጀማሪዋ ነርስ ወደ ኮሮና ሕሙማን ክፍል አልገባም ብላ ነበር። እኅታችንም በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ደመወዝ የምትበዪው ለዚህ ነው!» ብላ ገሠጸቻት። ልጅቷ ገባች። ስትወጣ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ የመከላከያ ልብሱን አወላለቅ ቅደም ተከተል ሳተች። ባልደረባዋ ባትደርስላት ኖሮ በተበከለ ጓንት ፊቷን ልትነካ ነበር። በዚያ ሥራ ከመልበሱ ይልቅ ማውለቁ አደገኛ ነው።

እኔም ቸኩዬ ስለ እምነት ሰበክሁላት፤ «አትፍሪ» የሚሉ ጥቅሶችን ደረደርሁላት። ዝም አለች። ከዚያም በቀስታ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እርስዎ ያደረጉኝን ነው እኔ ልጅቷን ያደረግኋት» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ የኤልያስን ታሪክ ከፈትሁ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ክፍል ረጅም ጽሑፍ ጽፌአለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ነቢዩ ፈርቶ ሸሽቶ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም። አስተኛው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም አስተኛው። በኋላ ጠየቀው፤ ምሬቱንም ሁለት ጊዜ አደመጠው። ከዚያ ሥራ ሰጠው፣ ኤልሳዕንም ሰጠው። ምሁራን ዛሬ «የስሜት ብልህነት» የሚሉትን፣ የራስን ስሜት መግዛትንና የሌላውን መረዳትን፣ ከክትክታው ዛፍ ሥር አየሁት።

በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷ ግን ቀድማኝ ነበር። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ «እኔም ፈርቻለሁ» ብላታለች፤ በሠራተኞቹም ፊት ይቅርታ ጠይቃታለች። «የምትፈሪው ምንድን ነው?» ስትላት፣ ልጅቷ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነች እናቷ ጋር በአንድ ክፍል እንደምትኖር ነገረቻት። እኅታችን ከሥራው አላስቀረቻትም፤ ሕሙማኑም ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ይልቁንም ማደሪያ ፈለገችላት፣ ልምድ ካላት ነርስ ጋርም አጣመረቻት። ፍርሃቷ ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አልገባችም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የደከመ ሰው ሲደውልልኝ ጥቅስ ከመጥቀሴ በፊት «እህል ቀምሰሃል? ተኝተሃል?» እላለሁ። አንዳንዴ እረሳለሁ፤ ጌታም ያስታውሰኛል።

ወገኔ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በሥራ ቦታህ ከክትክታው ሥር የተኛ ማን አለ? ዛሬ ምን ይዘህለት ትሄዳለህ?

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ስንፈራ እንደታገሥኸን፣ የሚፈሩትን እንድንታገሥ አስተምረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።