የዳልቻ መርፌ

ድመት ለማስከተብ ቅርጫት ተሸክመን ስንወጣ ጥርባ እንደሳቀብን አንደብቅም። አዊ እኮ የፈረስ አገር ነው! ፈረስ ቢያስለው ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ በሬ ሣር ቢተው ቤተሰቡ ምሳ አይወርድለትም። የአባ ሰንጋ መርፌ መጣ ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ከብቱን እየነዳ ይወጣል። ድመት ግን ዐይጥ እስከያዘች ድረስ ትኖራለች፤ መያዝ ሲያቅታት ደግሞ አንድ ቀን ከጓሮ ትወጣና በዚያው ትቀራለች። የሚጠይቃትም የለ።

የእኛዋ ዳልቻ ሳትጠፋ ታመመች። ይኸው ሦስት ዓመት ሆናት። ድዷ ቀልቶ ያብጣል፣ ለሀጯ እስከ ደረቷ ይዝረበረባል፣ ብርዱ ሲበረታ ዐይኗ ያለቅሳል። ሐኪሙ ሥር የሰደደ የድድ ቁስለት ነው፣ ይታገሣል እንጂ ፈጽሞ አይለቃትም ብሎናል። በጣም ሲብስባት መርፌ ትወጋለች፤ ጥቂት ሳምንት ደህና ትሰነብታለች፤ ከዚያ ያው ነው። እኛም ድንች ቀቅለን፣ በወተት አላቁጠን እናጎርሳታለን፤ ክኒኗንም ፈጭተን እንግታታለን። ማጎረስ ስንል፣ ውድ አንባቢ፣ ጣታችን በየቀኑ ከጥርሷ መካከል ይገባል ማለታችን ነው። ይህን ነገር ያዙልን።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ ውሻ አበደ ተባለ። ወንዱ ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ውሻው ተገደለ። በማግስቱ የሰፈሩ ዐይን ወደ ዳልቻ ዞረ። ለምን ቢባል፣ ለሀጩ ነዋ! አንዲት ጎረቤታችን ከደጃችን ቆመው፣ «እናንተ ልጆች፣ ይቺ ነገር አፏ አረፋ ይደፍቃል። ሰው ሳትፈጅ አንድ በሏት» አሉን። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሦስት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በ1903 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ያስጨነቀው ይኸው በሽታ ነበር። በአገራችን ለብዙ ዘመን ለተነከሰ ሰው ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት ሲሆን፣ በተከታታይ 14 ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ይህን የቀመሰ አንድ ዘመድ አለን። ዛሬም መርፌ ሲያይ ሆዱን በእጁ ይሸፍናል።

እንግዲህ ክርክሩ የተጀመረው ያን ማታ ነው። አባታችን የክትባት ጠላት አይደሉም። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ የአያቶቻቸውን በረት ባዶ እንዳስቀረ ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅም ደስ ብሏቸው ነበር። ነገር ግን አንድ ሕግ ያውቃሉ፦ የታመመ ከብት አይከተብም። «ደካማ ላይ መርፌ ጨምራችሁ ልትደፏት ነው?» አሉ። ከእኛ ውስጥ ቁጥር የሚወደው ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሰፈሩ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ድመቷን ተዉና ውሾቹን አስከትቡ አለ። እውነቱን ነው። ግን የሰፈሩ ውሾች እስኪከተቡ ድረስ ዳልቻን ማን ይጠብቃት? አንድ ውሻ ቢነክሳት ቀጥሎ የምትነክሰው ክኒን የሚግታትን እጅ አይደለም ወይ? ጤነኛ ድመት አፏን የሚነካት የለም። የታመመችው ናት በየቀኑ የምትያዝ፣ የምትከፈት፣ የምትቧጭር። ታናሽ እህታችን ሁላችንን ዝም አሰኘችን፦ «ተከትባ ከሞተች እኛ ገደልናት፤ ካልተከተበች ሰፈሩ ይገድላታል።»

በሦስተኛው ቀን እንጅባራ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን። ተራ ስንጠብቅ ከፊታችን የነበረው ሰውዬ በግ ይዞ ነበር፤ ወደ ቅርጫታችን አጎንብሶ አየና፣ «ይቺን ለሽያጭ ነው?» አለን። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። የአባታችንን ሕግ ነገርነው። ሕጉ ልክ ነው፣ ነገር ግን የተነገረው ትኩሳት ለያዘው፣ መብላት ላቆመ፣ ዛሬ ለወደቀ እንስሳ ነው አለ። የቆየ በሽታ ይዞ በዚያው ሁኔታ የሚኖር ሌላ ነው። የያዘው ክትባት ቫይረሱ የተገደለበት ስለሆነ በሽታውን ራሱን ሊያመጣባት አይችልም። ሙቀቷን ለካ፦ 38.7። ለድመት ደህና ነው። እኛ እፎይ ልንል ስንል፣ «ለድዷ መርፌ የወሰደችው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አራት ቀን ሆኗታል አልን። ራሱን ነቀነቀ። ያ የድድ መርፌ ስቴሮይድ ነው፤ እብጠቱን የሚያስታግሠው የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ስለሆነ፣ መጠኑ ከፍ ካለ ክትባቱ በደንብ ላይዝ ይችላል። ሦስት ሳምንት ጠብቁ አለን።

በውጭ አገር ለድመት ስለሚሰጡት ሌሎች ክትባቶችም ጠይቀነው ነበር። እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልነበሩም። ቢኖሩም ያለባትን የድድ ቁስል አያድኑም አለን። በዚህ አልተከራከርነውም።

ሦስቱ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ዳልቻን ቤት ዘግተንባት ዋልን፤ በጎተራው ውስጥ ዐይጦች ሠርግ ደገሱ። ለጎረቤቶቻችን ቀኑ ተቀጥሯል ብለን ማልን። ብትነክሰን ወይም ብትቧጭረን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበን ለራሳችን ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ እንድንሮጥ ሐኪሙ ስላስጠነቀቀን፣ ሳሙናው ከድንቹ ድስት አጠገብ ተቀመጠ። እናታችን ማጎረሱን ከልጆቹ ነጥቀው ለራሳቸው አደረጉት፤ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በእንጨት ማንኪያ። አንድ ሌሊት ሩቅ ውሻ ሲያላዝን አባታችን ተነሥተው የጓዳውን መዝጊያ ሲፈትሹ ሰማናቸው። «ድመቷ ብርድ እንዳይመታት ነው» አሉ። እኛም አመንናቸው።

ተከተበች። እግሯ ላይ፣ ዝቅ አድርጎ ወጋት። በድመት ላይ እጅግ አልፎ አልፎ መርፌ በገባበት ቦታ ክፉ እባጭ ሊወጣ ስለሚችል፣ እግር ላይ ከሆነ ለማከም ይቀላል አለን። ይህንን ሳይደብቅ ስለነገረን ነው ይበልጥ ያመንነው። ያን ቀን ምንም አልበላችም፤ እህታችን አለቀሰች። በማግስቱ ድንቿን በላች። መከላከያው በሰውነቷ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ቆጠርን።

ካርዱን ለጎረቤታችን ወስደን አሳየናቸው። የልጅ ልጃቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፦ ድመት፣ ሴት፣ ግራጫ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ቀኑ፣ የሚታደስበት ቀን። ካርዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱልን።

«ደግ አደረጋችሁ። አረፋውንስ መቼ ነው የምታቆመው?»

አታቆምም አልናቸው።

«እንግዲያስ ልጆቹ አይነኳትም» አሉና የቡና ቁርሱን አቀረቡልን።