የወፍጮው ጉዞ፤ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ገዋኔ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዳሩ ግን ትርጓሜው በእውነት የገባን ዘንድሮ፥ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ወርቅ ማዕድን የሚሄደውን አንድ ታላቅ ሸክም ተከትለን ስድስት ቀን በተጓዝን ጊዜ ነው።

የጉዞአችን ምክንያት ይህ ነው። በምንጽፍበት ፍርድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሻይ ሻጭ እናት «ስፋቱ ከልክ ያለፈ ጭነት ሲያልፍ የቤቴን ዳስና ግድግዳ አፈረሰብኝ» ብለው ክስ አቅርበው ነበር። ተከሳሹ በበኩሉ «ቤቱ ከመንገዱ ወሰን ገብቶ የተሠራ ነው» ሲል መለሰ። ነገሩ ገና ሳይመረመር ከሳሽዋ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርቡ ቀሩ። «ከሳሽ ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘግቷል» ብለን የጻፍነው እኛው በገዛ እጃችን ነን። «ከልክ ያለፈ ጭነት» የሚለውንም ቃል በዚያ መዝገብ ላይ ደጋግመን ስንጽፈው፥ ነገሩ ምን እንደሚመስል ከቶ አናውቅም ነበር። ስለዚህ የታላላቅ ተሳቢ መኪናዎች ሾፌር የሆነው የክርስትና ልጃችን «አባቴ፥ የዓመት ፈቃድዎን ይውሰዱና አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ይጓዙ» ባለን ጊዜ፥ በጽሕፈት ያወቅነውን በዓይን ለማየት ወደ ጅቡቲ ወረድን።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአሰብ በር ለአገራችን ንግድ ስለ ተዘጋ፥ የምናስገባውና የምናስወጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው በዶራሌ ወደብ ቆመን ስናይ፥ የብረት ሣጥኖቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተሠሩ፥ ወርዳቸው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ እንደ ጡብ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ ናቸው። የእኛ ሸክም ግን ለብቻው፥ ከሣጥኖቹ ርቆ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ተደፍቶ ተቀምጧል። ወርዱ 6 ሜትር ከ50፥ ክብደቱ 90 ቶን ነው። ይህም የአንድ ወፍጮ ግማሽ አካል ነው ብለው ነገሩን።

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና የወፍጮን ነገር ለእናቶችና ለእኅቶች ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። በቤታችን መጁ በወፍጮው ድንጋይ ላይ ሲመላለስ እህሉ እንዲልም፥ በማዕድኑም ስፍራ የተሰበረው ድንጋይ ከብረት ኳሶች ጋር በሚዞረው ታላቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይፈጫል። ከዚያም በሲያናይድ በተበጠበጠ ውሃ ወርቁ ከድንጋዩ ይለያል። ከአንድ ቶን ድንጋይ አንድ ወይም ሁለት ግራም ወርቅ ብቻ የሚገኝበት ማዕድን ብዙ ስለ ሆነ፥ ለአንዲት ቀለበት የሚበቃ ወርቅ ለማግኘት ብዙ ድንጋይ መፍጨት ያስፈልጋል። ወፍጮው ይህን ያህል የገዘፈውም ስለዚህ ነው።

«በባቡር ስለ ምን አይሄድም?» ብለን ጠየቅን። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዳሩ ግን በሐዲድ የሚሄድ ዕቃ ከተወሰነለት ወርድና ቁመት ሊያልፍ አይችልም። ሐዲዱም ወደ ማዕድኑ አገር አይደርስም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሸክም ያለው መንገድ የመኪናው መንገድ ብቻ ነው።

ተሳቢው መኪና 12 ረድፍ አክስሎች አሉት፤ በየረድፉም 8 ጎማ ስላለ ድምሩ 96 ጎማ ነው። የክርስትና ልጃችን በእንጨት አፈር ላይ እየጻፈ ሒሳቡን አሳየን። ሸክሙ 90 ቶን፥ ተሳቢው 30 ቶን፥ ድምሩ 120 ቶን ይሆናል። ለ12 ሲካፈል ለአንዱ ረድፍ 10 ቶን፥ ለአንዱም ጎማ 1250 ኪሎ ይደርሰዋል። «አባቴ፥ መንገዱ የሚያውቀው 120 ቶኑን አይደለም፤ ይህችን የአንድ ጎማ ድርሻ ነው» አለን። ከአክስሎቹ በላይ ያሉት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ብረቶችም ሸክሙ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል ድርሻውን እኩል ያደርጉታል። የሃምሳው ሎሚ ምሳሌ ወደ ልባችን የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፥ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ያ መድፍ ገደልና ሸለቆ እየተቆረጠለት፥ ሠራዊቱ በገመድ እየሳበው ወራት የፈጀ ጉዞ አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ይጠርጉ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። የዛሬው ሸክም ያን መድፍ ከ12 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ሰው በገመድ አይጎትተውም፤ ነገር ግን ሊያሳልፉት ከፊትና ከኋላ የሚደክሙለት ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ማታ መሄድ ክልክል ነው። ከፊት ቀይ ሰንደቅ የሰቀለች አጃቢ መኪና ትቀድማለች፤ መንገዱ 7 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከፊት የሚመጣው ካሚዮን ሁሉ ዳር ይዞ ይቆማል። ታላቁ ባራ የሚባለውን፥ ውሃው ደርቆ እንደ ተዘረጋ ነጭ ሸማ የሚታየውን ሜዳ አቋርጠን፥ በዲክሂል አልፈን፥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን በሦስተኛው ቀን ገላፊ ደረስን። ከዚያ ወዲያ የአገራችን የአፋር ምድር ነው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ቢጫ አሸዋ፥ በሩቅም የግመል መንጋ ይታያል። ሰመራን፥ ሎግያን፥ ሚሌን አለፍን። በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጽም የተገኘባት ሐዳር ከዚህ አገር አትርቅም። አዋሽም ከሸዋ ደጋ ወርዶ፥ ይህን ቆላ አጠጥቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እርሱ የሚወርደውን እኛ ሽቅብ ሄድነው።

በአንድ ድልድይ አጠገብ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። መኪናዎቹ በሁለቱም ወገን ተገቱ፤ ሰዎችም ከድልድዩ ላይ ተነሡ። የክርስትና ልጃችን ሸክሙን በድልድዩ መካከል፥ በሰው እርምጃ ልክ፥ ሳይቆምና ፍሬን ሳይነካ አሳለፈው። መካከሉን የያዘው የድልድዩ ተሸካሚዎች ሁሉ እኩል እንዲካፈሉት ነው፤ ፍሬን ያልነካው ደግሞ ድንገተኛ መገታት በድልድዩ ላይ ሌላ ኀይል ስለሚጨምር ነው። በየከተማውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ብሎ በተገኘ ጊዜ፥ መብራቱ ይጠፋና ሁለት ሰዎች በረጅም ዘንግ ሽቦውን ወደ ላይ ደግፈው ያሳልፉናል።

ለዚህ ሁሉ አስቀድሞ መንገዱ ተለክቷል። ማታ ማታ የክርስትና ልጃችን የሚመለከተውን ደብተር ተቀብለን አነበብን። ድልድዩ፥ ሽቦው፥ ዛፉ፥ ጠመዝማዛው ሁሉ ተራ በተራ ተጽፏል። በመካከሉም «ከገዋኔ በፊት፤ በስተ ቀኝ ሻይ ቤት፤ በስተ ግራ የውሃ ቦይ፤ ክፍተቱ 6 ሜትር ከ40» የሚል አገኘን። የመንደሩን ስም ባየን ጊዜ ልባችን ደነገጠ። በመዝገባችን የዘጋናቸው ከሳሽ በሌላ ሰው ደብተር ደግሞ ቁጥር ሆነው ተጽፈዋል። ሸክማችን 6 ሜትር ከ50 ነው፤ የጎደለው 10 ሳንቲ ሜትር ነው።

በስድስተኛው ቀን፥ ወደ አምስት ሰዓት ሲሆን፥ የአየሉ ተራራ ከፊታችን ሲታይ፥ ከሻይ ቤቱ ደረስን። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፥ የቆርቆሮ ክዳን፥ በፊቱ በአራት እንጨት የቆመ የጆንያ ዳስ ያለው ነው። እናትየዋ የሸክሙን ድምፅ ሰምተው ወጥተው፥ አንዱን የዳሱን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም፤ ምሰሶውን ብቻ ይዘዋል።

የአጃቢዎቹ አለቃ ሰዓቱን አይቶ «ዳሱን ማንሣት አምስት ደቂቃ ነው፤ ቦዩን ሞልቶ በዚያ ጎን ማለፍ ግን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ለሴትዮዋ ኋላ አንድ ነገር ይደረግላቸዋል» አለ። የክርስትና ልጃችንም ወደ እኛ ዞሮ «አባቴ፥ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀን። «ኋላ» የተባለው የት እንደሚደርስ እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለንና ቶሎ መናገር አልቻልንም። በመጨረሻ «ልጄ፥ ቦዩን ሙላው» አልነው።

ድንጋይ ማንሣት ተጀመረ። ረዳቶቹ፥ አጃቢዎቹ፥ መንገድ የተዘጋባቸው ሾፌሮች፥ የመንደሩም ልጆች በሰልፍ ቆመው ድንጋዩን ተቀባበሉት። እኛም ኮታችንን አውልቀን ገባን። አለቃውም ጥቂት ከቆመ በኋላ እጅጌውን ሰበሰበ። ሦስት ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። በድንጋዩ ላይ ወፍራም ብረት ተነጠፈና የግራው ጎማ በእርሱ ላይ ወጣ። ወፍጮው ከዳሱ ምሰሶ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈ። እናትየዋ ምሰሶውን የለቀቁት የመጨረሻው ጎማ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሻይ አፍልተው ለሁላችን ቀዱልን። ሾፌሮቹ «እማማ» እያሉ ያመሰግኗቸዋል። እኛም አጠገባቸው ተቀምጠን «እናቴ፥ ከዚህ ቀደም በዚህ ነገር ከሰው ነበር፤ በቀጠሮው ቀን ስለ ምን ቀሩ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ጌታዬ፥ ከምን አወቁት?» አሉን።

«መዝገቡን የጻፍነው እኛ ነን» አልን።

ጥቂት ዝም ብለው አዩን። «ዳሱ ፈርሶ ሻይ የምሸጥበት አልነበረኝም። ሻይ ካልሸጥሁ የመኪና መሳፈሪያ ከየት ይመጣል? በቀጠሮው ለት ይህን ምሰሶ መልሼ ስተክል ዋልሁ» አሉ። ከዚያም ብርጭቆአችንን አይተው «ይጠጡ፤ ይቀዘቅዛል» አሉን።

እንግዲህ የቀሩበት ምክንያት ያው የከሰሱበት ጉዳት ራሱ ነበር። እኛ ግን ይህን ሳንጠይቅ በአንድ መስመር ዘግተነዋል። አቤቱታቸውን እንደ ገና ማቅረብ ይቻል እንደ ሆነ፥ የት ሄደው ማንን እንደሚጠይቁ ነገርናቸው። እርሳቸውም «እስቲ ይሁን፤ መሳፈሪያውን ላጠራቅም» ብለው መለሱ። የሻዩንም ዋጋ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተቀበሉን።

ወርቅ ለአገር ሁሉ ይጠቅማል፤ ወፍጮውም ወደ ስፍራው ሊደርስ ይገባል። ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን 120 ቶን በ96 ጎማ ሲካፈል መንገዱ ችሎ ያሳልፈዋል፤ በአንዲት መበለት ምሰሶ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ግን ጥቂቱም ይሰብራታል። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን «ይለፍ»፥ «ይነሣ»፥ «ተዘግቷል» እያልን የምንጽፍ ሰዎች፥ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ብንጠይቅ፥ የሚፈጀው ጊዜ ቦዩን ለመሙላት ከፈጀው አይበልጥም።

እኛም ከፈቃዳችን ተመልሰን ወደ ሥራችን በገባን ቀን መጀመሪያ ያወጣነው ያንኑ መዝገብ ነው። አቧራውን ጠርገን፥ አቤቱታው በመጣ ጊዜ ሳይፈለግ እንዲገኝ፥ ከላይ አስቀምጠነዋል።