አቡያ እና የተቃጠለው አስታ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የመጣልኝ መልእክት ብዛት! ግማሹ «ቲቸር፣ አዳኝ ዘመድ እንዳለህ አናውቅም ነበር» የሚል ነው። ሌላው ጠንከር ይላል፦ «በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ እንስሳ የሚያስገድል ሰው ፎቶ እንዴት ትለጥፋለህ?» ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በእናቴ አገር አጠራር «አቡያ» ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጭ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች አሉ። ከውጭ አገር የሚመጡ አዳኞች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ መንግሥት ለዓመቱ ከፈቀደው ቁጥር ሳያልፉ፣ ያረጀ ወንድ የደጋ አጋዘን እዚያ ያድናሉ። አቡያ ከሃያ ዓመት በላይ ለእነዚህ ሰዎች ዱካ መሪ ሆነው ሠርተዋል። ጠመንጃ አይዙም። የሚይዙት ዱላና አንድ ፈረንጅ ትቶላቸው የሄደውን የሩቅ ማያ መነጽር ነው። «ይሄ ጎረምሳ ነው፣ ተወው። ያኛው አርጅቷል፣ ቀንዱን እየው» ማለት ነው ሥራቸው።

የደጋ አጋዘንን የማታውቁ ካላችሁ 10 ሳንቲም ፈልጋችሁ ገልብጡ፤ እዚያ ላይ ያለው እሱ ነው። ኦሮምኛው «ገደምሳ» ይለዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እኛም ጋ ቢሆን የሚኖረው በባሌ፣ በአርሲና በዙሪያቸው ባሉ ደጋዎች ብቻ ነው። የሳይንስ ስም የተሰጠው እንኳን በቅርቡ ነው፣ በ1910 እ.ኤ.አ.። እስቲ አስቡት፣ ይህን የሚያክል እንስሳ እስከዚያ ድረስ ከአገሩ ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ቀን ቀን ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል ነው። የሚደበቅበት ደግሞ አንዱ አስታ ነው፣ በእናቴ አገር «ሳቶ» የሚባለው። ጽሑፌም ስለ እንስሳው ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በየካቲት ያ አስታ ተቃጠለ።

በጋው ከርሮ ነበር። እሳቱ ከማን እጅ እንደወጣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አንዱ ማር ቆራጭ ነው ይላል፣ ሌላው እረኛ ነው ይላል፣ ሌላው ከሰል አክሳይ። እኔ የማውቀው በማግስቱ ክፍል ስገባ ከኋላ ያሉት ሦስት ዴስኮች ባዶ እንደነበሩ ነው። ወንዶቹ ቅርንጫፍ ይዘው እሳት ሊያጠፉ ወጥተዋል። ከተመለሱት አንዱ ቅንድቡ ተለብልቦ ነበር። «ቲቸር፣ አስታ ሲቃጠል ድምፁ እንደ ዝናብ ነው» አለኝ። አስታ ቅባትነት ስላለው አርጥቦም ይነዳል። በ1992 ዓ.ም. ባሌ ሲነድ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ያኔ ከወታደር እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከውጭም ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። ያኛውን በሚያህል ሁኔታ አልነበረም የእኛው። ግን የአቡያን ተራራ ለአቡያ ለማጥፋት በቃ።

«ለማጥፋት» ስል እንዲሁ ለማጋነን አይደለም። አቡያ ያን ተራራ የሚያውቁት በካርታ አልነበረም። «ሆዱ የተቦረቦረው ኮሶ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ፤ ከዚያ ሦስቱ አስታዎች የተቃቀፉበት አለ፤ ሽማግሌው ወንድ ፀሐይ ስትከር እዚያ ነው የሚተኛው» እንዲህ ነው። ኮሶው ተቃጠለ። የተቃቀፉትም ተቃጠሉ። እሳቱ በጠፋ በአምስተኛው ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። በገዛ ተራራቸው ላይ ቆመው ወደየት እንደሚሄዱ ሲያስቡ አየኋቸው። ሃያ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው እኮ!

ግን ደግሞ አንድ ነገር አስተማሩኝ። አመድ ዱካ ይይዛል። በሣርና በአስታ መሐል ለማየት ቀን የሚፈጀው ኮቴ በአመድ ላይ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አቡያ እያጎነበሱ አነበቡልኝ፦ «ይሄ ነብር ነው፣ ሌሊት አልፏል። ይህቺ እናት ናት፣ ግልገሏ ከኋላ ነው። ይሄ ትልቁ ነው፣ በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ።» ኮቴዎቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። እሳቱ ወዳልነካው ገደል። ገደሉ ውስጥ እርጥበት ስላለ አሮጌ አስታና ኮሶ ተርፏል። የተራራው ገደምሳ ሁሉ እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ተጨናንቋል።

ችግሩ የመጣው ኅዳር ላይ ነው።

አንድ ፈረንጅ ከሁለት ዓመት በፊት ያስያዘው አደን ነበረው። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ለመምጣት ዕድሜ አይፈቅድለትም። ፈቃዱ ተከፍሏል፣ ሕጋዊ ነው። አደኑን ያዘጋጀው ድርጅት ሰው ለአቡያ ነገሩን ቀላል አድርጎ አቀረበላቸው። «ሁሉም ገደሉ ውስጥ ናቸው አይደል? ከላይ ቆመን ብንጠብቅ በአንድ ጠዋት ያልቃል።»

እውነቱን ነው፣ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። አቡያ ግን ገደሉን አልመራም አሉ።

ምክንያታቸውን ለእኔ ሲያስረዱኝ በቁጣ አልነበረም። «ልጄ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መስጊድ ውስጥ ተጠግቶ ሳለ ገብተህ ዕዳህን ክፈል አትለውም። ዕዳው እውነት ቢሆንም አትለውም።» ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። ገደሉ ውስጥ አንዴ ጥይት ከጮኸ ሁሉም ይበረግጋል። ወዴት ይሄዳል? መደበቂያ የሌለው የተቃጠለ ሜዳ ላይ ነው የሚወጣው። እዚያ ውሻ አለ፣ ነብር አለ፣ ያለ ፈቃድ የሚያድንም አለ። እናቶቹ ግልገል ይዘዋል። «አንድ ሽማግሌ ለመግደል ተብሎ አሥር ይሞታል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ነው» አሉ።

ያቀረቡት ሌላ ሐሳብ ነበር። አስታ ከላይ ይቃጠላል እንጂ ሥሩ አይሞትም፤ ዝናብ ሲያገኝ ከግንዱ ሥር ያቆጠቁጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በተቃጠለው ጫፍ ላይ ጣት የሚያክል ለምለም ቡቃያ ወጥቷል። ትልቁ ወንድ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሊበላ ይወጣል። እዚያ ይጠበቅ፣ ከወጣ ወጣ፣ ካልወጣ አልወጣም። ፈረንጁ ተስማማ። በዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። አሥራ ሁለት ቀን በዚያ ብርድ ጠበቁ። ሁለት ጊዜ አዩት፣ ሁለቱንም ጊዜ በጉም መሐል፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይተኮስ ጠፋ። ሰውዬው ባዶ እጁን ሄደ። አቡያን ግን አቅፎ ነው የተሰናበታቸው።

በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ አቡያን አልጠራቸውም። ማንም ምክንያት አልነገራቸውም። በቃ፣ ስልክ አልተደወለም።

አሁን «ጀግና ናቸው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቤታቸው ብትሄዱ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። የአደን ወራት ገንዘብ ለአቡያ ቤት ጨው፣ ስኳር፣ የልጅ ደብተር ነበር። የአክስቴ ልጅ እንበለው፣ ትልቁ ልጃቸው፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበር፤ አቋርጦ ሮቤ ገብቶ ባጃጅ እየነዳ ነው። አባቱን በፊት ለፊት ምንም አላላቸውም። ለእኔ ግን ነገረኝ። «አንድ ሽማግሌ አጋዘን ከእኔ ትምህርት በለጠ» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? እኔ አስተማሪ ነኝ፣ መልስ መስጠት ሥራዬ ነው፤ ለእሱ ግን የሚበቃ መልስ አላገኘሁም። አባቱ ትክክል ይመስሉኛል። ልጁም የተናደደው በከንቱ አይደለም። ሁለቱም እኩል እውነት ነው።

ወደ እሳቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከዚህ ታሪክ ለእናንተ ይጠቅማል የምለው እሱ ነው።

ከተማ ያለን ሰዎች እሳት ስንሰማ «ደን ወደመ» እንላለን። አቡያን ስጠይቃቸው እንዲህ አይሉም። ለእሳቸው ሦስት ዓይነት አስታ አለ። በቅርብ የተቃጠለው ማዕድ ነው፦ ቡቃያው ለስላሳ ነው፣ ገደምሳም ላምም ይበላዋል። መካከለኛው መንገድ ነው፦ ይታለፍበታል እንጂ ብዙም አይበላም፣ በደንብም አይደብቅም። አሮጌው ቤት ነው፦ ሰው ቆሞ ቢገባ አይታይም። «እንስሳ ማዕድም ቤትም ይፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድ ሌሊት እግር መገናኘት አለባቸው» ይላሉ። ያለ እሳት ማዕድ የለም። ሁሉም በአንዴ ሲነድ ቤት የለም።

በእሳቸው አባት ጊዜ እረኞች አስታውን ራሳቸው ያቃጥሉ ነበር፣ ለከብት ግጦሽ። የሚያቃጥሉት ግን ያረጀውን፣ በተራ፣ ሽማግሌዎች ተነጋግረው ነው። አጠገቡ በቅርብ ዓመት የተቃጠለ ስላለ እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ወጣት አስታ እሳት እንደ ልቡ አያሳልፍማ። ተራራው እንደ ጥለት የተለያየ ነበር። በኋላ እሳት መለኮስ ተከለከለ። ክልከላው ለደኑ ታስቦ ነው፣ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ከብቱ ግጦሽ መፈለጉን አልተወም። አሁንም የሚለኩስ ይለኩሳል፤ የሚለኩሰው ግን ተደብቆ ነው፣ በደረቁ ወቅት፣ ለኩሶም ይሮጣል። ቆሞ የሚጠብቀው የለም፣ ምክንያቱም የቆመ ይታሰራል። አስታውም ለብዙ ዓመት ሳይነካ እኩል አርጅቶ ተያይዞ ይጠብቀዋል። ሲነሳ የሚያቆመው የለም።

ይሄን ስል «አቃጥሉ» እያልኩ አይደለም፣ አደራ! ከፍ ብሎ የአስታ ቀጠና ዝቅ ብሎ ካለው ደን ጋር አንድ አይደለም። ሐረና ውስጥ ያለ ትልቅ ዛፍ እሳት ከበላው እንደ አስታ ከሥሩ ተነስቶ አይተካም። እንዲያውም አቡያ እሳትን ከማንም በላይ የሚፈሩ ሰው ናቸው። የምለው ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ነገር ስብሰባ ላይ ቦታ ይሰጠው። ባሌ ተራሮች መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ፕሮፋይል ቀይረን ደስ ብሎን ነበር። ቅርሱ ውስጥ ግን የእነዚህ ሰዎች ዕውቀትም አለ።

ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዴንቨር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ይሄን ታሪክ ስነግረው የሥራ ባልደረቦቹን አስታወሰኝ። ኮሎራዶ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ80 ሺህ ሄክታር በላይ የበላ እሳት ነበር፣ ካሜሮን ፒክ የሚባለው። በየዓመቱ ከአባታቸው ጋር ኤልክ የሚያድኑበት ጫካ ነደደ። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ለቅሶ ነበር አለኝ። ቀጥሎ ሣሩ ሲያድግ ኤልኩ ሊበላ ተመለሰ፤ አዳኞቹም የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ እንደ አዲስ መማር ጀመሩ። ለአቡያ ስተረጉምላቸው ሳቁ። «እነሱም ማዕዱንና ቤቱን አወቁት በለኛ!» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «እነሱ ግን ደሞዝ አላቸው» አሉ።

አሁን ተራራው እንዴት ነው? ቡቃያው ገና ጉልበት አልደረሰም። ከብትና ገደምሳ ይሻሙበታል፤ ቀን የከብቱ፣ ሌሊት የገደምሳው ነው። ባለፈው ዓመት የመንደሩ ሽማግሌዎች ከገደሉ በላይ ያለውን አንድ ጎን ከብት እንዳይገባበት ተስማሙ። አሳቡን ያነሱት አቡያ ናቸው፣ የራሳቸው ስድስት ላሞች እያሉ። ስምምነቱ አንዳንዴ ይጣሳል፣ ግን አለ። አቡያ በሳምንት አንዴ መነጽራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ማንም አይከፍላቸውም። ለቦታዎቹ አዲስ ስም እያወጡ ነው። «የተቃቀፉት» የነበረው አሁን «ጥቁሩ ድንጋይ» ሆኗል፤ እሳቱ ገልጦት ነው የታየው።

እና «አዳኝ ፎቶ ለምን ለጠፍክ» ላላችሁኝ፦ በፈቃድ አደን አለመስማማት መብታችሁ ነው፣ እኔም አንዳንዴ ከራሴ ጋር አልስማማም። ግን ያን ተራራ ከእሳቱ በፊትም ከእሳቱ በኋላም በስሙ የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ አሳዩኝና የእሱን ፎቶ እለጥፋለሁ።

ባሌና አርሲ ላላችሁ ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ። በጋው ከመግባቱ በፊት አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን ስለ ሳቶ ጠይቁ። የት ነበር የሚያቃጥሉት፣ መቼ፣ ማን ነበር የሚፈቅደው፣ የቦታው ስም ማን ነበር? ደብተር ላይ ጻፉት። ማርክ የለውም። ከፈለጋችሁ እዚሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ለአቡያ አነብላቸዋለሁ።